የነጃት በረዶ

የስፌት መኪና ዘይት ሽታ አልወድም። ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ ላሳጥር ገብቼ፣ ልጁ መኪናውን ጋደም አድርጎ ዘይቱን ጠብ ጠብ ሲያደርግበት አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ። "ምነው እህት፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ። "ዘይቱ ነው" አልኩት። "ኧረ ይሄ ዘይት ምንም አይሸትም!" ብሎ ሳቀብኝ። አይሸትም ይላል እንዴ! ቀሚሱን እዚያው ጥዬለት ወጣሁና ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የመንገዱን አቧራ እየበላሁ።

እኛ ቤት ያ ዘይት ሁለት ሥራ ነበረው። እማዬ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ለመኪናዋ ትገዛዋለች፤ አባዬ ደግሞ በመድኃኒት ብልቃጥ እየቀነሰ ለጠመንጃው ይወስዳል። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልጅ የማሳድግበትን ዘይት ለዚያ ብረት ታጠጣብኛለህ?" ትለዋለች። "እንጀራችን እኮ ከዚያም ብረት ነው" ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ማታ ሲገቡም የሚሸቱት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የትልቅ ሰው ጠረን ማለት ይሄ ይመስለኝ ነበር።

ልናገር የፈለግኩት ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ አራተኛ ልገባ ስለነበርኩበት ክረምት ነው። ጓደኛዬ ነጃት የሞተችበት፣ አባዬም ለነጃት አባት አንዲት ቃል መናገር የነበረበት ክረምት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜያችንን ማውራት አልፈልግም፤ ምንም የሚወራ የለውም።

ሰፈራችን አቃቂ በሰቃ ነው። አባዬ፣ አበራ ይባላል፣ ወታደር ነበር፤ ከሠራዊቱ ሲቀነስ ከቤታችን ብዙ በማይርቅ አንድ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ሳህኑን በፎጣ ቋጥሬ፣ ከባድ መኪኖች ያቦኩትን ጭቃ እየዘለልኩ በሩ ጋ ስደርስ ሦስቱም በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ አባዬ፣ ጋሽ ደበሌና ሃምሳ አለቃ ሽፈራው። ጋሽ ደበሌ የጎን መጋዘን ጥበቃ ነው። መጋዘኑ የቆመበት መሬት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ያንኑ መሬት በደመወዝ ይጠብቃል። ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጋራዥ ይጠብቃል ይባል እንጂ ቀኑን ሙሉ እኛ ጋ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ ብትሰሟቸው! ሌላው ወንድ ስለ ኳስ እንደሚያወራው ነው፤ ቡድን ለይተው ነበር የሚከራከሩት።

"መሣሪያ ማለት ክላሽ ነው" ይላል ሃምሳ አለቃ። "ጭቃ ውስጥ ቅበረው፣ ከዓመት በኋላ አውጣው፣ ይተኩሳል። እኔ ሚስቴን እንኳ እንደ እሱ አላምናትም።"

"ክላሽ ለፍላፊ ነው" ይላል ጋሽ ደበሌ። "ልክ እንደ አንተ። የአባቴ ምንሽር አንዴ ይናገራል፣ ይበቃዋል።"

"የአባትህ ምንሽር ሙዚየም ይግባ!"

"እስቲ ፊቱ ቆመህ እንዲህ በል።"

"አልቆምም። ጥይቱ ቢስተኝ ዝገቱ ይገለኛል!"

ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ምንሽር የሚባሉ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ እነ ጋሽ ደበሌ ቤት የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። ለበዓል ስንሄድ ጥግ ጥጉን በዓይኔ ፈልጌአቸዋለሁ።

አባዬ አብሯቸው ይስቃል እንጂ ብዙ አያወራም። የሱ ነገር ጥንቃቄ ነው። ፈረቃ ሲቀያየሩ ጠመንጃውን ሲረከብም ሲያስረክብም ካዝናውን ይነቅላል፣ አፈሙዙን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ያቀባብላል፣ በዓይኑ ያያል፣ ዓይኑን ስለማያምን ደግሞ ትንሿን ጣቱን ከትቶ ይዳብሳል። ከዚያ ለተረካቢው "ባዶ ነው?" ይለዋል። ተረካቢው ራሱ አይቶ "ባዶ ነው" እስኪል አይለቅለትም። ሃምሳ አለቃ ይሄን ሲያይ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። "አንተ አዋላጅ! ምጥ ይዟታል እንዴ?" ይለዋል። አባዬ ግን ወይ ፍንክች። ወታደር ሳለ አንድ ጓደኛው ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ሲወለውል እንደሞተ እማዬ ነግራኛለች፤ እሱ አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም።

ይሄንኑ ትምህርት እኔንም አስተማረኝ። ሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል አትበሉኝ፤ ጠመንጃ ባለበት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ማወቅ አለበት ይል ነበር። ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ያስቆመኛል።

"ጣት ወዴት?"

"ከቃታ ውጭ!"

"አፈሙዝ ወዴት?"

"ወደ ሰማይ!"

"ለምን?"

"ሰማይ ባዶ ነዋ!"

ወደ መሬት ቢሆን ድንጋይ አንጥሮ ይመልሰዋል፣ ወደ ጎን ቢሆን ሰው አለ፣ ሰማይ ላይ ግን ማንም የለም፤ እንዲህ ነበር ያስረዳኝ። ስመልስ ሃምሳ አለቃና ጋሽ ደበሌ ያጨበጭቡልኛል። አባዬ አያጨበጭብም፤ ግን ፊቱ እንዴት እንደሚበራ! ያን ፊት ለማየት ስል ሳልጠየቅም እመልስ ነበር።

የነጃት አባት ጋሽ ሱሩር ከስልጤ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ጎረቤታችን ነው። የሱቁ ግድግዳና የኛ ግድግዳ አንድ ነበር፤ እማዬ መኪናዋን ስትረግጥ የሱ ጣሳዎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ትምህርቴን ከእኔ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ነበር። ለዕቃ በተላክሁ ቁጥር ከረሜላ ከጠርሙሱ ያወጣና ከፍ አድርጎ ይዞ፣ "የኔ ወታደር፣ አፈሙዝ ወዴት?" ይለኛል። እመልሳለሁ። "ማሻአላህ!" ብሎ ይሰጠኛል።

አንድ ቀን አባዬም እዚያው ቆሞ ሳለ ነጃት ከባንኮኒው ሥር ብቅ አለችና፣ "ሰማይ ባዶ አይደለም፣ አላህ አለ። ታዲያ አላህን ሊመቱት ነው?" አለች። ጋሽ ሱሩር በሳቅ ሞተ። አባዬ ዝቅ ብሎ፣ "አላህን ጥይት አይነካውም፣ አታስቢ" አላት። እሷ ግን አልተዋጠላትም፤ ነጃት እንደዚያ ነበረች፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መስማት አቃተን፤ እማዬ ስትጮህ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የማየው። ሲያባራ እኔና ነጃት ኩባያ ኩባያችንን ይዘን ወጣን። የሷ ቢጫ ፕላስቲክ ነበር። ከእነሱ ግቢ ሞልተን ከሱቁ ስኳር ነስንሰንበት፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ጥርሳችን እስኪደነዝዝ ቆረጠምነው። "እናቴ ታየናለች፣ መሬት የነካ ነው ብላ ትቆጣለች" አልኳት። "ከላይ የመጣ ሁሉ ሀላል ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ኩባያዋን በእጇ ይዛ ነበር የምትዞረው።

ነሐሴ ላይ የጋሽ ደበሌ አባት አረፉ። ብዙ የኖሩ፣ እስከ ወንዙ ማዶ የታወቁ ሰው ነበሩ። በለቅሶው ቀን አባዬ ካፖርቱን ለብሶ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ለቅሶ ቤት ሄደ። እኔ ነጃት ዘንድ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነበርኩ። እማዬ ከግድግዳው ማዶ መኪናዋን ትረግጣለች። ሰማዩ ዳምኗል፣ ዝናብ ግን የለም።

ተኩስ ሰማን። ነጃት "ሠርግ ነው" አለች። "ለቅሶ ነው" አልኳት፣ ከእሷ የማውቅ መስዬ። ተኩሱ ቆም ብሎ እንደገና ቀጠለ፣ አሁን ደግሞ በርከት ብሎ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያችን ላይ አንድ ነገር ኳ! አለ።

ነጃት ብድግ አለች። "በረዶ!" ብላ ቢጫ ኩባያዋን አንስታ ሮጠች። እኔም ልከተላት ብዬ ኩባያ አጣሁ። ከጀሪካኑ ኋላ ፈለግሁ፣ አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ በመጨረሻ ሻይ የተጠጣበት አንድ ብርጭቆ አግኝቼ ወጣሁ። ነጃት ግቢው መሀል በጎኗ ተኝታለች። ኩባያዋ አጠገቧ ተንከባሎ ባዶውን ነው። ቀልድ መሰለኝ። "ተነሺ፣ የታለ በረዶው?" አልኳት። ከፀጉሯ ሥር ቀጭን ደም ወጥቶ ጆሮዋን ዞሮ ወርዷል። አዳልጧት ድንጋይ የመታት ነው የመሰለኝ። ገብቼ እናቷን ጠራሁ። እናቷ ያን ቀን ያወጣችውን ድምፅ አልጽፈውም።

ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አለፈች። እዚያ ነው ጥይት መሆኑ የታወቀው፤ ከላይ የወደቀ ጥይት።

ፖሊስ መጣና ለቅሶ ቤት የነበረውን ሁሉ ጠየቀ። ማንም አልተኮሰም። ሰው ሁሉ ተኩሱን ከሌላ ሰፈር እንደሰማው ተናገረ። ጠመንጃዎቹም ያን ዕለት ከየቤቱ ጠፉ። ነጃት በማግስቱ ተቀበረች፤ አባዬ ሌሊቱን ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲሸከም አድሮ ነበር። "አበራ እንደ ወንድም ሆነልን" አሉ የጋሽ ሱሩር ዘመዶች። እኔም ኮራሁበት።

ከዚያ በኋላ ጥላው ሥር ሳቅ ቀረ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ ሦስቱ ይጨቃጨቃሉ። አላባረሩኝም፤ ልጅ ምን ይገባታል ብለው ይሆናል።

"እነግረዋለሁ" ይላል አባዬ።

"ምን ብለህ?" አለ ሃምሳ አለቃ።

"ተኩሻለሁ ብዬ።"

"ማን ያልተኮሰ አለ? ጥይቷ ያንተ ስለመሆኗ ማን ነገረህ?"

"እናንተ ወደ ሜዳው አጋድማችሁ ነው የተኮሳችሁት። የእናንተ ርቆ ነው የሚወድቀው። እኔ ነኝ ቀጥ ያደረግኩት።"

ጋሽ ደበሌ አንገቱን ደፍቶ፣ "አልተኩስም ብለህ ነበር እኮ" አለ በቀስታ። "እኔ ነኝ በእጅህ ያስያዝኩህ።"

የዚህን ትርጉም የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ካደግኩ በኋላ። በእነ ጋሽ ደበሌ ወግ የሟች ጠመንጃ ለቅሶው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የቅርብ ሰው ሁሉ አንዳንድ ይተኩስበታል። እምቢ ማለት፣ ሟቹ ለአንድ ጥይት አይበቁም እንደ ማለት ነው። ቦታው ከተማ ሆኗል፣ ክልክል ነው ቢባልም ማን ሰምቶ! አባዬ እምቢ እንዳይል ወዳጁ ነው፤ እሺ እንዳይል ጠባዩ አይደለም። በመጨረሻ ያን ዝነኛ ምንሽር ተቀበለ። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ሲተኩስ፣ እሱ ሰዉን ገለል አድርጎ፣ እግሩን አስተካክሎ፣ አፈሙዙን ልክ ወደ አናቱ ቀጥ አደረገ። እንደሚያስተምረው። ከሁሉም የተጠነቀቀው እሱ ነበር።

"ብትናገር የምትናገረው ራስህን ብቻ አይደለም" አለው ሃምሳ አለቃ። "ደበሌንም ነው፣ እኔንም ነው። ወህኒው እንደሆን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ልጅህንስ ማን ያሳድግልሃል? ልጅቷ እንደሆን አትነሳ።"

አባዬ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ምሳውንም አልበላም፤ ሳህኑን እንደ ተቋጠረ ይዤ ተመለስኩ።

እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ጥይት ጠፍቶበታል፣ ጋሽ ሱሩር ግቢ ውስጥ ተገኝቷል፣ ጥይቱ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። አባዬ የኔ ነው ይላል። የሱ ከሆነ ታዲያ ሄዶ ለምን አይጠይቅም? ጋሽ ሱሩር የሰው ዕቃ አያስቀርም። ይሄን ለእማዬ ስነግራት እጇ መኪናው ላይ ቀረና፣ "ዝም በይ፣ ዝም በይ የኔ ልጅ" ብላ አፌን ያዘችኝ። እጇ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር።

አባዬ ግን ሞክሯል፤ ይሄን መመስከር አለብኝ። ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን አስተካክሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል። በራችን ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ባንኮኒው ፊት ይቆማል። ጋሽ ሱሩር፣ "አበራ፣ ምን ልስጥህ?" ይለዋል። አባዬ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "ክብሪት" ይላል። ይዞ ይመለሳል። በማግስቱ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ክብሪት። እማዬ መጀመሪያ ላይ አልገባትም ነበርና፣ "ቤቱን ልታቃጥለው ነው እንዴ? ምንድነው ይሄ ሁሉ ክብሪት?" ብላ ጮኸችበት። ሲገባት መጮኋን ተወች። ክብሪቱን መደርደሪያው ላይ ደረደረችው፤ መደርደሪያው ሲሞላ አልጋ ሥር በካርቶን አደረገችው።

እንዲህ ሆኖ መስከረም ገባ። የጋሽ ሱሩር ሚስት ያን ግቢ ማየት አልቻለችም፤ ወደ አገሯ ቀድማ ሄደች። ጋሽ ሱሩርም ሱቁን ዘጋ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

አባዬ ሥራ አልሄደም። ዕቃውን ሁሉ እሱ ነው የጫነው ብል ውሸት አይሆንም። ጆንያውን በጀርባው፣ ሚዛኑን በደረቱ፣ ባንኮኒውን ከአንዱ ጫፍ ይዞ። የነጃትን ትንሽ አልጋ ሲያወጣ በሩ ላይ ቆም አለና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ላብ መሰለኝ። ጋሽ ሱሩር፣ "ወላሂ አበራ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? አላህ ይክፈልህ" አለው። አባዬ አፉን ከፈተ። አሁን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። "ገመዱን ላጥብቀው፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም" አለና ወደ መኪናው ዞረ።

ጋሽ ሱሩር የቀረውን የከረሜላ ጠርሙስ አንስቶ ወደ እኔ መጣ። ክዳኑን ከፈተ፣ አንዷን አወጣ፣ ከፍ አድርጎ ያዛት። እንደ ልማዱ። ልማድ ክፉ ነው፤ ከአፉ ያመለጠው ይመስለኛል።

"የኔ ወታደር፣ አፈሙዝ ወዴት?"

"ወደ ሰማይ!" አልኩ፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከነጃት ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ትምህርቱ ግን ያለዚያ አያልቅም፣ ስለዚህ ራሴው ጨረስኩት።

"ሰማይ ባዶ ነዋ!"

ጋሽ ሱሩር ከረሜላዋን እንደያዘ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የመስከረም ሰማይ ነው፣ ጥርት ያለ። ብዙ አየው። ከዚያ ዓይኑን አወረደና መኪናው ጎን ገመድ ይዞ የቆመውን አባዬን አየ። አባዬ ፊቱን አልሰወረም።

"አበራ" አለው። "አንተም ነበርክ?"

"ነበርኩ" አለ አባዬ።

"ተኩሰሃል?"

"ተኩሻለሁ።"

ጋሽ ሱሩር ከረሜላዋን ወደ ጠርሙሱ መለሳት፣ ጠርሙሱን መሬት ላይ እግሬ ሥር አስቀመጠውና ወደ ጋቢናው ወጣ። በሩን ሳበው፣ አልዘጋ አለው። እንደገና ሳበው፣ አሁንም አልያዘለትም። አባዬ ገመዱን ለቆ ሄደና በሩን ከውጭ ገፍቶ ዘጋለት። መኪናው ተነሳ፤ ወደ ዋናው መንገድ ታጥፎ እስኪሰወር አባዬ እጁን በሩ በነበረበት ቁመት ላይ ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

ሃምሳ አለቃ የፈራው ፖሊስ አልመጣም። ጋሽ ሱሩር ለማንም አልተናገረም፤ አልከሰሰውም፣ ይቅርም አላለውም። አባዬ ጥበቃነቱን ትቶ በዚያው መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ትምህርቱንም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እማዬ ያን ክብሪት እስከ ፋሲካ አነደደችው።